የፍልሰት ታሪክና የፍልሰት ሕግ አብረው ይጠኑ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጦች ላይ ስለ ፍልሰት የሚወጡ ጽሑፎችን በትኩረት የምከታተል አንባቢ ነኝ። አብዛኞቹ ጉዳዩን የሚያነሡት ጀልባ ሲሰጥም፣ ድንበር ሲዘጋ ወይም አንድ መንግሥት አዲስ ሕግ ሲያወጣ በመሆኑ፣ አንባቢው ፍልሰትን ትናንት የተከሠተ ድንገተኛ አደጋ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። የሰው ልጅ ከስፍራ ወደ ስፍራ መንቀሳቀሱ ግን ከመንግሥትም፣ ከድንበርም፣ ከፓስፖርትም ይቀድማል። ዛሬ እንቅስቃሴውን የሚገዛው የሕግ ሥርዓት በአንጻሩ አብዛኛው ክፍሉ ከ150 ዓመት ብዙም የማይዘል ዕድሜ ያለው ነው። የእንቅስቃሴውን ታሪክ ለታሪክ ተመራማሪዎች፣ ሕጉን ለሕግ ባለሙያዎች ከፋፍለን መስጠታችን ሁለቱንም በቅጡ እንዳንረዳ አድርጎናል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ፓስፖርትን እንመልከት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል መንገደኛ ያለ ፓስፖርት ድንበር ይሻገር ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ አትላንቲክን ከተሻገሩት በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ አውሮፓውያን የሚበዙት ቪዛ የሚባል ነገር አያውቁም። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ መንግሥታት የድንበር ቁጥጥርን ለአስቸኳይ ጊዜ ብለው አወጡት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ቁጥጥሩ አላበቃም። በ1920 በመንግሥታት ማኅበር ጥሪ ፓሪስ ላይ የተደረገው ጉባኤ የፓስፖርቱን መልክ ወጥ አደረገው እንጂ አላስቀረውም። ወዲያውም ዜግነታቸውን የተነጠቁ ሩሲያውያን ስደተኞች ወረቀት አልባ ሆነው በየአገሩ ተንከራተቱ፤ ለእነርሱም በ1922 የማኅበሩ የስደተኞች ኮሚሽነር በነበረው በፍሪድቾፍ ናንሰን ስም የሚጠራው ልዩ የጉዞ ሰነድ ተዘጋጀ። ወረቀት የሌለው ሰው የሚባለው ችግር ወረቀቱን ግዴታ ካደረገው ሥርዓት ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዛሬውን ክርክር በሌላ ዓይን ያያል።

የሕጉን ጽሑፍ ብቻ ማንበብም አይበቃም። የአውስትራሊያ የ1901 የፍልሰት ገደብ ሕግ የማንንም ዘር በስም አላገለለም፤ ገቢው ሰው በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት እየተነበቡለት እንዲጽፍ ብቻ ይጠይቅ ነበር። ቋንቋውን የሚመርጠው ግን መኮንኑ ነበርና፣ እንዲገባ ያልተፈለገ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ ይወድቅ ነበር። በ1934 ፀረ ናዚ ጋዜጠኛው ኤጎን ኪሽ ብዙ ቋንቋዎች የሚያውቅ ቢሆንበት በስኮትላንድ ጌሊክ ተፈተነ፤ ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶም ፈተናው ተሻረለት። ፈተናው ከሕጉ የወጣው በ1958 ነው። ይህን ሕግ ከመዝገብ ቤቱና ከወደቡ ዶሴ ነጥሎ የሚያነብ ተማሪ ስለ ማንበብና መጻፍ የወጣ ሕግ ያነበበ ይመስለዋል።

ጥናት በራሱ መድኃኒት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት ፍልሰትን እንዲያጠና በ1907 ያቋቋመው የዲሊንግሃም ኮሚሽን በ1911 41 ጥራዝ ሪፖርት አቀረበ። ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት ከቀደሙት ፍልሰተኞች በደረጃ ያንሳሉ የሚለውን ፍርድ በአኃዝ አስደግፎ በማቅረቡ፣ ከየአገሩ የሚገቡትን ቁጥር ለገደቡት የ1921ና የ1924 የኮታ ሕጎች መንገድ ጠርጓል። የ1924ቱ ሕግ ኮታውን በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የመሠረተውም በዚያ ቆጠራ የማይፈለጉት ወገኖች ቁጥር ጥቂት ስለነበረ ነው። በሐምሌ 1938 የ32 አገሮች ተወካዮች ከናዚ ጀርመን ስለሚሸሹት አይሁዳውያን ለመምከር ፈረንሳይ ውስጥ ኤቪያን ላይ ሲሰበሰቡ የአሜሪካ የኮታ ሥርዓት በቦታው ነበር፤ ብዙ ስደተኞችን ለመቀበል ፈቃደኝነቷን የገለጸችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ነበረች። የጥራዝ ብዛት የጥናትን ሐቀኝነት አይተካም።

ይበልጥ ሊጠና ይገባዋል የምለው ግን ሕግ ያላሰበውን ውጤት የሚያስከትልበት መንገድ ነው። አሜሪካና ሜክሲኮ የሜክሲኮ ሠራተኞች በጊዜያዊ ውል አሜሪካ ሄደው እንዲሠሩ በ1942 በጀመሩት የብራሴሮ ፕሮግራም እስከ 1964 ድረስ 4.6 ሚሊዮን ያህል የሥራ ውሎች ተፈርመዋል። ቁጥሩ የውል እንጂ የሰው አይደለም፤ አንዱ ሠራተኛ በየወቅቱ ሄዶ እየተመለሰ ደጋግሞ ይፈርም ነበርና። ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ በ1965 የወጣው ሕግም ከምዕራባዊው ንፍቀ ክበብ ለሚመጡ ፍልሰተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የቁጥር ጣሪያ አበጀ። እርሻው ሠራተኛ መፈለጉን፣ ሠራተኛውም መንገዱን ማወቁን አላቆሙም፤ የተለወጠው እንቅስቃሴው ሕጋዊ የነበረው ሕገ ወጥ መባሉ ነው። ምዕራብ ጀርመንም በ1961 ከቱርክ ጋር ተስማምታ ያስመጣቻቸው ሠራተኞች ጊዜያዊ እንዲሆኑ ነበር የታሰበው። በ1973 አዲስ ቅጥር ሲቆም፣ አንዴ ከወጡ መመለስ እንደማይችሉ የተረዱ ብዙዎች እዚያው ቀሩ፤ ቤተሰባቸውንም አስመጡ። የጂኦግራፊ ሊቁ ኧርነስት ራቨንስታይን ገና በ1885 እያንዳንዱ ትልቅ የፍልሰት ጅረት በተቃራኒው የሚፈስ የመመለሻ ጅረት እንዳለው ጽፎ ነበር። በሩን የሚዘጋ ሁሉ መመለሻውንም እንደሚዘጋ ከዚያ መማር ይቻል ነበር።

የስደተኞች ሕግም ቢሆን በየደረጃው የተገነባ ነው። የ1951 ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ከዚያ ዓመት በፊት በተፈጸሙ ክሥተቶች ምክንያት የተሰደዱትን ብቻ ይመለከት ነበር፤ ገደቡን ያነሣው የ1967 ፕሮቶኮል ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የ1969 ስምምነት ደግሞ በውጭ ወረራና ሕዝባዊ ጸጥታን ክፉኛ በሚያናጉ ሁኔታዎች የሚሸሹትን ጭምር አካተተ። ማን ስደተኛ እንደሚባል የሚወስነው ትርጓሜ ዘመን የሠራው መሆኑ መታወቅ አለበት።

እንግዲህ የምጠይቀው ዩኒቨርሲቲዎች የቆጠራ ሰነድን፣ የመርከብ መዝገብንና የፍርድ ቤት ዶሴን ከፍልሰተኞች ደብዳቤና ቃል ጋር አንድ ላይ የሚያነብ ትምህርት እንዲሰጡ ነው። መንግሥት የጻፈው ሰው እንዴት እንደተቆጠረ ይነግረናል፤ ለምን እንደተነሣ የሚነግረን ግን ራሱ ተጓዡ ነው። አገር ሳይለቁ ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄዱትም ሊረሱ አይገባም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2020 ከተወለዱበት አገር ውጭ ይኖራሉ ብሎ የገመታቸው 281 ሚሊዮን ሰዎች ከዓለም ሕዝብ 3.6 በመቶ ብቻ ናቸውና።

ከጋዜጣችሁ የምጠብቀውም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ መንግሥት ጊዜያዊ ብሎ አዲስ የድንበር ቁጥጥር ሲያውጅ፣ ዘጋቢዎቻችሁ ከመግለጫው ቀጥሎ ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ ምን ይል እንደነበር፣ ማንን እንዳስቀረና ማንን ሳያስብ በአገር ውስጥ እንዳስቀመጠ ጠይቀው ይጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ