ጣሪያው ይቅደም፣ ሥዕሉ ይከተላል፦ ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ጎንደር ያላችሁም፣ በውጭ የምትኖሩም የሰፈራችን ሰዎች፣

«ደግሞ መጡ» እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም መለመን ሰልችቶናል። ግን ያለፈው ክረምት የንባብ አዳራሹን ጣሪያ ጉድ ሠራው። በአንድ በኩል ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ ኮርኒሱም ወርዷል። ልጆቹ የሣሉበት ትልቁ ግድግዳ ዝናብ ሲጠጣ ከረመ። የፊደል ገበታው ከ«ሀ» እስከ «መ» ከነልስኑ ወድቋል። የፋሲል ግንብ ሥዕል አለ፣ ግማሹ ግን ሻግቷል።

ያ አዳራሽ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበር። ወንበሩን ያስጠገነው ዕድሩ ነው፣ መደርደሪያውን የሠሩት የሰፈራችን አናጺዎች ናቸው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሕፃናቱ የራሳቸውን እጅ ሥራ ለማየት እናቶቻቸውን እየጎተቱ መጡ። ለማየት የመጣው ልጅ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። የፈተና ሰሞን ቦታ ለመያዝ በጠዋት ሰልፍ ነበር። ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም።

«ለቀለም ያን ያህል ብር?» የሚል ወሬም ደርሶናል። ከወጣው ብር ትልቁ ድርሻ የሄደው ለልስን፣ ለባሕር ዛፍ መወጣጫና ለግንበኛ ነው። ከልጆቹ ጋር የሣሉት ሠዓሊዎች በነፃ ነው የሠሩት። ያቀረብንላቸው ምሳ ብቻ ነው፣ ያውም ሽሮ። ደረሰኙ በሙሉ በዕድሩ ጸሐፊ እጅ አለ፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይይ። «ለምን ጣሪያው አልቀደመም?» ለሚለውም መልስ አለን። ጣሪያውን እናድሳለን ብሎ ቃል የገባልን አካል ነበር። በጀት የለም ያለን ቀለሙ ከተገዛ በኋላ ነው።

ባለሙያ ጠርተን አሳይተናል። በሲሚንቶ ልስን ላይ የተቀባ የፕላስቲክ ቀለም እርጥበት በቀላሉ አያሳልፍም። ውሃው ከኋላ ሲገባ መውጫ ያጣል፣ ቀለሙን ነፍቶ ይልጠዋል። ስለዚህ አሁን ወደ አባቶቻችን ዘዴ ጠጋ ልንል ነው። በጣና ገዳማትና እዚሁ በከተማችን አድባራት የድሮ ሠዓሊዎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ ነበር። እኛ ደግሞ በሸራ ላይ ሥለን፣ በእንጨት ወጥረን፣ ከግድግዳው ትንሽ አራርቀን እንሰቅለዋለን። ጣሪያው ዳግመኛ ቢያፈስ እንኳ አውርዶ ማትረፍ ይቻላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከደርቡሽ እሳት ያተረፏት ንቦች ናቸው ይባላል፤ ለቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ንብ ግን እስካሁን አልሰማንም።

መጀመሪያ የሚገዛው ቆርቆሮ፣ ማገርና አሸንዳ ነው። ጣሪያው ተከድኖ ሳያልቅ አንድ ጣሳ ቀለም አይገዛም። ይህን በቃለ ጉባኤ ፈርመናል። ብር የሌለው ምስማር ያምጣ፣ ጉልበት ያለው ቅዳሜ ይምጣ። ልጅ የሚያነብበትን ቤት መክደን ምጽዋትም ሰደቃም እንደሆነ የሰፈራችን ቄስም ሼኽም በየፊናቸው ተናግረውልናል። ሥራው ግን ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። ዝናቡ ከጀመረ የተረፈውም ግድግዳ አይተርፍልንም።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። የሂሳብ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ አለ፤ በቤተ መጻሕፍቱ በርም ተለጥፏል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ ሂሳብ አስተላልፉ። እባካችሁ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም እንኳ ወደ ግለሰብ ስልክ አትላኩ። አሁንም እንደግመዋለን፦ በኮሚቴው ስም፣ በባንክ ሂሳቡ ብቻ። ስትልኩ ስማችሁንና «ለጣሪያ» ወይም «ለሥዕል» የሚለውን ጻፉበት። ባለፈው ስም ሳይኖረው የገባ ብር አለ፤ ላኪው ማን እንደሆነ ስላላወቅን ደረሰኝ መቁረጥ አልቻልንም። የላካችሁ ካላችሁ የባንኩን ወረቀት ይዛችሁ ወይም በዘመድ አስይዛችሁ ለዕድሩ ጸሐፊ አድርሱልን።

የቤተ መጻሕፍቱ እድሳት ኮሚቴ