ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤ ድሬዳዋ።

እንዴት ከርመሻል? ብዬ ጀመርኩና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ተብሎ «እንዴት ከርመሻል» አይባልም። አንድ ክረምት አይደለም እኮ ያለፈው። ቢሆንም እናቴ እንዳስለመደችኝ ልጀምር። እኔ ለጤናዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የሽሮ ሜዳን ዳገት መቁጠር ጀምሯል።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ደብተርሽ ጠፍቷል። ያ ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰው፣ ባለ 50 ሉኩ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከአዳራሽ አዳራሽ ስንዞር የምትጽፊበት። «በፖስታ እልክልሻለሁ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያን ጊዜ ከእጄ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ኮንሰርት ሰምተን የተለያየን ማታ፣ ትንሽ ልገልብጥ ብዬ ተቀብዬሽ ነበር። ዶፍ ዝናብ። ታክሲው ውስጥ ትርፍ ነው የተጫንኩት፣ በሩ አጠገብ። «ወራጅ አለ!» በተባለ ቁጥር እኔ ቀድሜ ወርጄ፣ ዝናብ ላይ ቆሜ ሰው አሳልፋለሁ። አራት ጊዜ ወረድኩ፤ አራት ጊዜ ተሳፈርኩ። ቤት ስደርስ ዣንጥላዬ አለ፣ ደብተርሽ የለም። በማግስቱ ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። «የምን ደብተር ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? የንግግር፣ የሙዚቃና የቆሎ መዝገብ ነው ልበለው? «የትምህርት» አልኩት። «ታዲያ ሌላ አይገዙልሽም?» አለና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ አንቺ ድሬ ተመደብሽ። ስትደውዪ «ደብተሩስ?» ትይኛለሽ ብዬ አላነሳሁም። ያላነሱት ስልክ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ መልሶ መደወሉ በየቀኑ ይከብዳል። በቃ፣ እንዲህ ነው የተጠፋፋነው። አንድ የማይረባ ደብተር፣ ይላል ሰው ቢሰማ። አንቺና እኔ ግን የሚረባ መሆኑን እናውቃለን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚባለው ነገር መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሚቀዳው የለም፣ የሚታተመው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠናውን ለ20 ሰው ነግሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። በደብተርሽ ውስጥ የነበረው ብዙው ነገር ሌላ ቦታ የተጻፈ አይመስለኝም።

አጻጻፍሽ አሁንም ይታየኛል። ቀን። ተናጋሪ። ስንት ሰው መጣ። ስንት ሰው ተኛ። ሻይ ነበረ ወይስ አልነበረም። በመጨረሻ ደግሞ ያቺ ቀይ መስመር፦ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት»፣ በደቂቃ።

ሽማግሌውን አልረሳሻቸውም መቼም። ግራጫ ካፖርት፣ የተጠቀለለ ጋዜጣ፣ ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ዳር። መድረክ መሪው «ለጥያቄ ክፍት ነው» ሲል እጃቸው ከሁሉ ቀድሞ አየር ላይ ነው። ማይኩን ይዘው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «የእኔ እንኳ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው።» ከዚያ ከአድዋ ይነሳሉ። ርዕሱ ሥዕል ይሁን ሰዋስው፣ እሳቸው ከአድዋ ነው የሚነሱት። አንቺ ከጠረጴዛ ሥር ሰዓትሽን ትይዣለሽ። 14 ደቂቃ ክብረ ወሰናቸው ነበር። ስንት ቀን በእሳቸው ምክንያት ሳቅ ገድሎን ከአዳራሽ ወጥተናል!

ካልጠፋብኝ ገጽ ልጀምርልሽ። አንዱ ገጽ ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ የተቋቋመው ቡድን። ሀሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው ያሰባሰባቸው፤ በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። ለየብቻቸው ይመቱና ይነፉ የነበሩትን መሣሪያዎች፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጧቸው። አንቺ ከጎኑ «እስኪቃኙ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው?» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ጥያቄሽን ግን አልጠየቅሽም፤ ሽማግሌው ማይኩን ይዘውት ነበር።

ሌላው ገጽ የኮሌጅ ቀን። አራት ኪሎ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ተማሪዎች ጃንሆይ ፊት ቆመው ስለ ድሃው ግጥም ያነቡበት የነበረው። በ1953 የተነበበው ግጥም ወሬ እስከዛሬ አልበረደም። ይህን ከሰማንበት ምሽት ስንወጣ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው ቤተ መንግሥት በር ላይ ያለችው ደረጃ አጠገብ ቆመን ቆሎ ጨረስን። ጣሊያን ለፋሺስት ዘመኑ በየዓመቱ አንድ አንድ እርከን ቆጥሮ የሠራት፣ ወዴትም የማታደርስ ደረጃ። አናቷ ላይ የእኛ አንበሳ ተቀምጦባታል። «ይሄ ነው አስተያየት ማለት» አልሽኝ። ይህንንም ጽፈሽው ነበር፤ ለራስሽ ንግግር ቦታ የምትነፍጊ ሰው አልነበርሽም።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም የሄድንበት ገጽ ላይ ምንም አልጻፍሽም። ቀኑ ብቻ ነበር። ከጀርመን የተመለሱትን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያየሽ ዝም ብለሽ ዞርሽ፤ እኔ ርቦኝ በር ላይ ጠበቅኩሽ።

መብራት የጠፋበትን ምሽትስ? ያቺ ቀጭን ልጅ ፒያኖ ላይ ነበረች። ድንገት ድርግም! ሁላችንም «እህህ» ስንል እሷ አላቆመችም። አንዱ ደግ ሰው የኖኪያውን ባትሪ አብርቶ ተጠጋት። «ጥላው ያሳስተኛል፣ አጥፉልኝ» አለች፣ ጣቷ ሳይቆም። በጨለማ ጨረሰችው። ጭብጨባው መቼ እንደሚጀመር ያወቀ አልነበረም።

የድሮ ከተማሽን አዲስ አበባን ብታዪያት ግር ይልሻል። ኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መንገዱን ሌላ አድርጎታል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ሠርግ ቤት ይመስላል። ዶሮ ማነቂያ የለችም። ያ ጥብስ የምንበላበት ጠባብ ቤት በየት በኩል እንደነበረ ቆሜ ለመገመት ሞክሬ አቃተኝ። መሄዱ ተመችቶኛል፣ አልዋሽሽም። መድረሻው ነው የጠፋኝ።

ወደ ግቢው ባለፈው ሐሙስ ተመለስኩ። ስንት ዓመቴ! ድሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንገታችንን አስግገን የምንፈልገው አሁን በቴሌግራም ይመጣል። ስለ በገና ንግግርና ጨዋታ አለ የሚል አየሁ። 11 ሰዓት ይጀመራል ይላል፤ 12 ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ «ቼክ፣ ቼክ» ሲባል ደረስኩ። ፍተሻው እንደ ድሮው ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት ያ ቤተ መንግሥት እንደ ድሮው ነው። ወንበሩም እንደ ድሮው ይንቋቋል።

በገና ደርዳሪው ወጣት ነው፣ ከ25 አይበልጥም። ነጭ ለብሶ ተቀመጠና በገናውን በጉልበቶቹ መሃል አቆመ። ከዚያ መቃኘት ጀመረ። አሥሩን አውታር ተራ በተራ። መቃኛውን በትንሹ ያዞራል፣ ይነካል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። ቀጥሎ እንዝራውን ያዘ። ታውቂያታለሽ? ከአውታሩ ሥር የምትገባዋን ትንሽ ቁራጭ ቆዳ። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ አውታሩ ያ ንብ የመሰለ ድምፁን እስኪያወጣ። የበገና እዝታ የሚባለው ከዚያች ቁራጭ ነው የሚመጣው። አሥር ደቂቃ ያህል ሆነ። አንድ ሰው አላስቻለውም፣ አጨበጨበ። ንግግሩን የሚያቀርቡት አስተማሪ ፈገግ ብለው «ገና መቃኘቱ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ ልጁ ግን አልሳቀም። አሁንም ስድስተኛዋን አውታር እየሰማት ነበር።

ከአሥሩ አውታር ጣት የሚነካው አምስቱን ወይም ስድስቱን ብቻ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ሁልጊዜ አሥሩም የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር። አስተማሪው በድርድር፣ ማለትም በጣት፣ እና በግርፍ፣ ማለትም በመምቻ፣ መምታት እንዴት እንደሚለያይ ነገሩን። በደርግ ጊዜ ያሬድ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት መቋረጡን፣ በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋም ከዚያ በፊት እዚያው ያስተምሩ እንደነበር አነሱ። ይህን ሲሉ ልጁ በገናውን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። እሱ ያኔ አልተወለደም።

ከዚያ «ለጥያቄ ክፍት ነው» ተባለ።

ጥያቄ ነበረኝ፣ በእውነት። ግርፉ ድምፁን ምን ያህል ይለውጠዋል ልል ነበር። ማይኩ እጄ ገባ። ከአፌ የወጣው ግን «የእኔ እንኳ ጥያቄ ሳይሆን…» ሆነ። ኧረ ጉድ! ቀጠልኩልሽ። ስለ አያቴ በገና አወራሁ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አውታሩ አልቆ፣ አያቴ ነጭ ሽንኩርት ይሰቅሉበት እንደነበር። ልጆች እንዳንነካው እንከለከል እንደነበር። ሽንኩርቱን ስንቀጥፍ አንዲት የቀረች አውታር ድምፅ ስታሰማ ሁላችንም ተበታትነን እንደሮጥን። ቤቱ ሲፈርስ ማን እንደወሰደው እንደማይታወቅ። ከዚያ ወደ ምን እንደገባሁ አላስታውስም። አድዋ አልደረስኩም፤ ይህቺን እንኳ መዝግቢልኝ።

«እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ብትገቢ» አለኝ መድረክ መሪው።

ስቀመጥ ከኋላዬ ሁለት ልጆች አየሁ። አንደኛዋ ስልኳን ከጭኗ ሥር ይዛ ለጓደኛዋ ቁጥር ታሳያታለች። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ወዲያው አወቅኳቸው። ተዟዙሬ «ስንት ሆነ?» አልኳቸው። ደነገጡ። በመጨረሻ አንደኛዋ፣ ልትሞት ደርሳ፣ «ዘጠኝ» አለችኝ።

ሽማግሌው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አልነበሩም። ፈልጌያቸው ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ መሰለኝ፤ ያኔ አልጠየቅናቸውም።

ስወጣ ስድስት ኪሎ ካለች ሱቅ ደብተር ገዛሁ። ባለ 50 ሉክ። ሰማያዊ ላስቲክ የለም ተባልኩ፣ አረንጓዴ ነው የለበሰው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ፖስታ ቤት ደረሰኝ ተቀብያለሁ፣ ይህ ውሸት አይደለም። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ሞልቼዋለሁ፣ በአንቺ አጻጻፍ፦

ሐሙስ፣ ስለ በገና። የመጣ ሰው 31። የተኛ 2፣ አንዱ ዘበኛው። ሻይ ነበረ፣ ቆሎው እኔ ሳልደርስ አልቋል። ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት፦ 1 ሰው፣ 9 ደቂቃ። ስሟ ይታወቃል።