ስለ ዱርና ስለ አደን የሚጻፈው ጽሑፍ አርታኢ አጥቷል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ኢንተርኔት የህትመት ሥራን እንዴት እንደ ጎዳው የሚያትቱ ጽሑፎች በጋዜጣዎ ሲወጡ በትኩረት አነባለሁ። ስለ ፖለቲካ ዘገባ፣ ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ስፖርት ብዙ ተብሏል። ስለ ዱር እንስሳት፣ ስለ አደን፣ ስለ ዓሣ ማስገርና ስለ ተራራ ጉዞ የሚጻፈው ጽሑፍ ምን እንደ ደረሰበት ግን ሲነሣ አላየሁም። ነገሩ የጥቂት ባለ ገንዘቦች መዝናኛ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከጮቄ ራስ እስከ ዓባይ በረሃ፣ ከሰከላ ምንጮች እስከ ጣና ዳር ለምንኖር ጎጃሜዎች ግን ይህ ጽሑፍ በወጉ መጻፉም ሆነ መበላሸቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕዳው የሚወድቀው በእንስሳቱና በውኃው ላይ ነውና።

ዘርፉ በመጽሔት መልክ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። «ፎረስት ኤንድ ስትሪም» እ.ኤ.አ. በ1873፣ «ስፖርትስ አፊልድ» በ1887፣ «ፊልድ ኤንድ ስትሪም» በ1895፣ «አውትዶር ላይፍ» በ1898 መታተም ጀመሩ። አንባቢዎቻቸው አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ቢሆኑም መጽሔቶቹ የግዳይ ወሬ ብቻ አላተሙም። በ1894 መጋቢት ወር አንድ ሕገ ወጥ አዳኝ በየሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ባይሰን የተባሉትን የአሜሪካ ጎሾች ሲገድል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። በጊዜው በነበረው ደንብ ሊደርስበት የሚችለው ቅጣት ዕቃውን መነጠቅና ከፓርኩ መባረር ብቻ ነበር። የፎረስት ኤንድ ስትሪም ጸሐፊ በዚያው ሰሞን ፓርኩ ውስጥ ስለ ነበር ታሪኩን ላከ፤ የመጽሔቱ አርታኢ ጆርጅ በርድ ግሪኔልም ጉዳዩን ይዞ ሕግ አውጪዎቹን ወተወተ። ሁለት ወር ሳይሞላ የፓርኩን እንስሳት መግደል በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ሕግ ጸደቀ። በአዳኞች ገንዘብ የሚተዳደር መጽሔት እንስሳቱን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ መታገሉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ይህ ሊሆን የቻለው በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል አንድ ሰው ስለ ቆመ ነው። አርታኢው «በዓይንህ አይተሃል? አብሮህ ማን ነበር? ርቀቱን ለካኸው ወይስ ገመትኸው? የቦታው ስም ቢወጣ ምን ይከተላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፉ ከተላከ በኋላ እስኪታተም ወራት ይወስድ ስለ ነበር ለማጣራት ጊዜ ነበረ። መጽሔቶቹ ከነቀፋ የጸዱ አልነበሩም፤ ከጠመንጃና ከጥይት ፋብሪካዎች በሚያገኙት የማስታወቂያ ገቢ ይኖሩ ስለ ነበር ስለ መሣሪያ የጻፉትን ሁሉ አምኖ መቀበል አይቻልም። ቢሆንም ጸሐፊው ለድካሙ ይከፈለው ነበር፤ ስሕተት ቢገኝበትም የሚጠየቅ የህትመት ቤት ነበረ።

ኢንተርኔት ያናጋው ይህን ነው። ማስታወቂያው ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሲሄድ መጽሔቶቹ በዓመት የሚያወጧቸውን እትሞች ቀነሱ፤ ፊልድ ኤንድ ስትሪም ከ120 ዓመታት በላይ ከቆየበት ህትመት ወጥቶ በድረ ገጽ ብቻ ተወሰነ። በ2024 ሁለት የአሜሪካ ዘፋኞች ከገዙት በኋላ ወደ ወረቀት ቢመለስም የሚወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ድረ ገጾቹ ደግሞ አንባቢው በጽሑፉ ውስጥ የተጠቆመለትን ዕቃ ሲገዛ ከሚደርሳቸው ኮሚሽን ጭምር ስለሚኖሩ፣ ቀድሞ ለአንድ ሸለቆ ወይም ለአንድ እንስሳ ጠባይ ይሰጥ የነበረው ገጽ ስለ ባይኖኩላርና ስለ ቦት ጫማ በሚደረደሩ ዝርዝሮች ተይዟል። ርዕስ የሚመረጠውም ሰዎች በጉግል ላይ አዘውትረው የሚፈልጉት ቃል እየታየ ነው። በእኛ አገር ደጋ አጋዘንን ለማደን ለሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች የሚጻፈውን ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ አብዛኛው የአደን ታሪክ መስሎ የቀረበ የአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ነው።

ፍጥነቱ የሚጠቅምበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። በ2015 እ.ኤ.አ. ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የተባለው አንበሳ በአንድ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም መገደሉ ሲሰማ ቁጣው በቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ ታላላቅ የአሜሪካ አየር መንገዶችም የአደን ግዳይ አንጭንም አሉ። ይሁን እንጂ ያን ሰሞን ከተጻፈው ሁሉ የአደን ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ፣ በፓርክ ዳር የሚኖረው ገበሬ ከአንበሳው ጋር እንዴት እንደሚኖር ያስረዳው እጅግ ጥቂት ነበር። ከወራት በኋላ የዚምባብዌ መንግሥት የሰውየው ሰነድ የተሟላ ስለ ነበር አይከሰስም ሲል ዜናው የቀደመውን ያህል ሰሚ አላገኘም። በ1894 አንድ ጸሐፊና አንድ አርታኢ ከሠሩት ሥራ ጋር ሳስተያየው የጎደለው ቁጣ አይደለም፤ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይዞ የሚከታተል ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ ነገሩ ይብስ ይከብደኛል፤ እኛ ያ የመጽሔት ዘመን አልነበረንምና። የጎጃም አዳኝ ታሪኩን የሚናገረው በፉከራና በቀረርቶ ነበር። የሚፎክረውም አብረውት ቆላ በወረዱ ሰዎች ፊት ስለ ነበር፣ ያልጣለውን ግዳይ ጣልሁ ቢል የሚያርመው አያጣም። በጽሑፍ የተያዘው የምድራችን ታሪክ ግን አብዛኛው በባዕድ እጅ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ችስማን የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየተከተለ ካርታውን አነሣ፤ በ1936ም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። የዳንግላ ልጅ ስለ ገዛ ወንዙ የተጻፈውን ለማንበብ እንግሊዝኛ መማር ነበረበት። እርሻ ወደ ጓሳው እየወጣ ቀይ ቀበሮ ከጮቄ ሲጠፋም ነገሩን ዓመት ከዓመት እየተከታተለ በአማርኛ የሚዘግብ መጽሔት አልነበረም። ከፉከራው በቀጥታ ወደ ዩቲዩብና ወደ ቲክቶክ ተሻገርን፤ በመካከሉ ሊኖር የሚገባው መጽሔት፣ ከእርሱም ጋር አርታኢው፣ ሳይኖረን ቀረ።

የዚህ ጉድለት መዘዝ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ በጣና ነው። በሐይቁ ውስጥ በተለምዶ ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና ተፋሰስ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላል ለመጣል በወንዞች አፍ ይከማቹና ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ የተጣለ መረብ እናቲቱን ከእነ እንቁላሏ ያወጣል። የዝርያዎቹ ቁጥር ካሽቆለቆለባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው መሆኑን ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዛሬ ወንዙን፣ ቀበሌውንና ወሩን ጠቅሶ ዓሣው እንደ ልብ የሚገኝበትን ቦታ የሚያሳይ ቪዲዮ ማንም ሳያርመው በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ሰው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ቪዲዮውን የሚያነሣው ወጣት ክፉ አላሰበም፤ አገሩን ማስተዋወቁ ነው፣ ከዚያም ጥቂት ገቢ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። «ይህን ቦታ በስም አትጥራ፤ ወቅቱ የመራቢያ ነው» የሚለው ሰው ግን ከጎኑ የለም። የገደለውን ድኩላ ተሸክሞ ፎቶግራፍ የሚለጥፈውም እንዲሁ ነው፤ በአገሪቱ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ የሚታደነው በፈቃድ ብቻ መሆኑን የነገረው አንባቢም አርታኢም አላገኘም።

ሌላው ዓለም ለዚህ ችግር መላ መፈለግ ጀምሯል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅ የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት የተባለው መድረክ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ ይሰውራል። በአሜሪካ ጃክሰን ሆል የሚባለው አካባቢ የቱሪዝም ቦርድም በ2018 እ.ኤ.አ. ጎብኚዎች በፎቶግራፋቸው ላይ ትክክለኛውን ቦታ እንዳያመለክቱ ጥሪ አቅርቧል። አርታኢው ይሠራው የነበረውን ሥራ በከፊል ለማሽንና ለቅስቀሳ መስጠት ማለት ነው። ይህ መልካም ቢሆንም በአማርኛ ለሚጽፈውና ለሚያነበው የጎጃም ወጣት ገና አልደረሰም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ሌላም ነገር ታይቷል። ስለ ጮቄ፣ ስለ ጣና ደሴቶች፣ ስለ ጢስ ዓባይ በስልክ ላይ ብቻ የነበረው ጽሑፍና ምስል ሁሉ ከእጃችን ወጣ፤ በወረቀት የቀረውም ከጥቂት የቱሪዝም በራሪ ወረቀቶች አያልፍም ነበር።

ስለዚህ ጋዜጣዎ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በወረቀትም በድረ ገጽም፣ ለዱር እንስሳት፣ ለዓሣና ለምድራችን አንድ ገጽ እንዲከፍት እጠይቃለሁ። ጸሐፊ አይጠፋም፤ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ሕይወት መምህራን አሉ፤ ራሳቸው ባይጽፉም ለዘጋቢ የሚናገሩ የታንኳ ቀዛፊዎች፣ የጮቄ እረኞችና አደን የተዉ ሽማግሌዎች አሉ። ክፍያው ትንሽም ቢሆን ይከፈል፤ በነፃ የሚጻፍ ጽሑፍ ዞሮ ዞሮ የማስታወቂያ ይሆናልና። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀን ይጻፍ፤ የእንስሳት መራቢያና መጠለያ ግን በስም አይጠራ። ከሁሉም በላይ ጸሐፊውን ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ካልረካም ጽሑፉን የሚመልስ አንድ አርታኢ ይመደብለት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ግልገል ዓባይ ነጭ ዓሣ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሐምሌ ሳያልቅ ቢወጣ ዓሣው ወደ ወንዙ መውጣት ከመጀመሩ በፊት ለአጥማጆቹ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ፣ ከዳንግላ