ስለዚያች 81፣ እማዬ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት በስልክ "የሰጠኸኝን ሴል ሰውነቴ እንቢ አለው መሰለኝ" ስትዪኝ ድምፅሽ ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይብራራም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ። ሰውነትሽ እንቢ አላለም። ለሉኪሚያሽ፣ ለደም ካንሰሩ፣ ደም የሚሠሩ ሴሎች ከእኔ ተወስደው ከተተከሉልሽ በኋላ ነጭ የደም ሴሎችሽ ከምንም ተነስተው ወጥተዋል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ለሦስት ተከታታይ ቀናት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ ሲሆኑ ሐኪሞች "ያዘ" ይላሉ። አንቺ ያንን ካለፍሽ ቆየሽ።

አሁን ያስደነገጠሽ ወረቀት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። በደምሽ ውስጥ ከሚዞሩት ሴሎች ስንቱ የእኔ፣ ስንቱ ያንቺው የቀድሞው ነው? ምርመራው ካይመሪዝም ይባላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ 98 በመቶ ይላል፣ ሌላው 81 በመቶ። አንቺ 81ን ብቻ አይተሽ ተሸበርሽ።

98ቱ የማይሎይድ ሴሎች ነው፣ ኒውትሮፊልን የመሳሰሉት። እነዚህ መቅኒ ውስጥ ተሠርተው ወደ ደም ይወጣሉ፣ አብዛኞቹም ብዙ ሳይቆዩ ያልቃሉ። ዛሬ ደምሽ ውስጥ ያሉት በቅርብ የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ከመቶው 98ቱ የእኔ ከሆኑ፣ መቅኒሽ ውስጥ ደም እየሠራ ያለው የእኔ ሴል ነው። ለእኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው።

81ዱ ደግሞ የቲ ሴሎች ነው፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች። ቲ ሴል ዕድሜው ረጅም ነው፣ ዓመታት የሚቆይ አለ። አንቺ በዕድሜሽ ምክንያት ከንቅለ ተከላው በፊት የወሰድሽው ኬሞ ቀለል ያለው ነበር። ስለዚህ ከድሮዎቹ ቲ ሴሎችሽ የተረፉ አሉ። ቤቱ ተሽጦም ዕቃውን ጠቅልሎ እስኪወጣ ጊዜ እንደሚወስድበት ተከራይ ናቸው። ቀለል ያለ ኬሞ በወሰዱ ሰዎች ላይ ቲ ሴል ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው። ላብራቶሪው ሁለቱን ለያይቶ የሚመረምረውም ለዚህ ነው። ደባልቆ አንድ ቁጥር ብቻ ቢሰጠን ኖሮ ይሄን አናየውም ነበር።

እንዴት እንደሚለዩን ደግሞ ልንገርሽ፤ ደስ ይልሻል። ዲኤንኤ ላይ አጫጭር ቁራጮች እየተደጋገሙ የሚገኙባቸው ቦታዎች አሉ። ድግግሞሹ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ጋ ሰባት ጊዜ ይደጋገማል፣ ሌላው ጋ አሥራ አንድ ጊዜ። ሁላችንም በየቦታው ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። እኔ ካንቺ የወረስኩት ቅጂ አንቺም ጋ ስላለ እኔን ካንቺ ለመለየት አይረዳም። የሚለየኝ ከአባዬ የወረስኩት ነው። ባለሙያዎቹ ደምሽን ሲመረምሩ የሚፈልጉት አባዬ ለእኔ የሰጠኝን ምልክት ነው፣ እማዬ። አንቺ ጋ ኖሮ ወደ እኔ ያልተላለፈው ቅጂ ደግሞ የቀድሞ ሴሎችሽን ያሳያቸዋል። የሁለቱን መጠን አነጻጽረው በመቶኛ ያስቀምጡታል።

ሕክምናው ሳይጀመር ከሁለታችንም ደም የቀዱት ለዚህ ነው። "ደግሞ ለምንድን ነው የሚቀዱኝ?" ብለሽ የተማረርሽበት ቱቦ ዛሬ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። አሁን ቢፈልጉ ያንቺ ብቻ የሆነ ደም አያገኙም። ጉንጭሽን በጥጥ ቢጠርጉ እንኳ የእኔ ሴል ተቀላቅሎ ይመጣል። እኔ ወንድ በመሆኔም ሌላ መንገድ አለ። ሴሎቹን በሚያበራ ቀለም ነክረው፣ ወንድ ብቻ ያለው ዋይ ክሮሞዞም ያለበትንና የሌለበትን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።

ካነበብኩት ጀምሮ ከልቤ ያልወጣ ነገርም አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ወንድ ልጅ አርግዘው በነበሩ ሴቶች ደም ውስጥ የወንድ ሴል አግኝቷል፣ እርግዝናው ካለፈ 27 ዓመት በሆናት ሴት ላይ ሳይቀር። በጣም ጥቂት ናቸው፣ ሕክምናም አይሆኑም። ግን የእኔ ሴል ወደ ደምሽ የገባው ያን ቀን በከረጢት ተንጠልጥሎ ብቻ ላይሆን ይችላል። እርግዝና ሌላም ነገር ያመጣል። የእናት ሰውነት በልጇ ሴል ላይ አንቲቦዲ፣ ባዕድ ያለውን የሚያጠቃ ፕሮቲን፣ ሊሠራ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ያንን ፈትሸው፣ አለመኖሩን አይተው ነው እኔን ለጋሽ ያደረጉኝ። "ሰውነቴ እንቢ አለ" የሚለው ስጋትሽ አስቀድሞ የታሰበበት ነው።

አሁን ወደ 81 ልመለስ። አንድ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም። ምርመራው ብዙ ጊዜ በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ100ኛው ቀን አካባቢ፣ ከዚያም እየተራራቀ የሚደጋገመው አቅጣጫውን ለማየት ነው። ባለበት ከቆየ ወይም ከጨመረ ጥሩ። አንድ ሁለት ቁጥር ቢወርድ ግን እንዳትደነግጪ፣ መለኪያው ራሱ ያን ያህል ይዋዥቃል። በተከታታይ እየወረደ ከሄደ ሐኪሞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። የመከላከል አቅምሽን የሚገታውን መድኃኒት ሊቀንሱ ይችላሉ። ካስፈለገም ከእኔ ሊምፎሳይት፣ ቲ ሴሎች ያሉበትን የነጭ ደም ሴል ዓይነት፣ ወስደው ይጨምሩልሻል።

ታዲያ ለምን ዛሬውኑ አያደርጉትም ትያለሽ። የእኔ ሴሎች በአንድ በኩል የተደበቀ የሉኪሚያ ሴል ካለ ያጠቃሉ፤ የምንፈልገውም ይሄን ነው። በሌላ በኩል ግን ቆዳሽን፣ አንጀትሽን፣ ጉበትሽን እንደ ባዕድ አይተው ሊያጠቁ ይችላሉ። ቁጥር ለማሳመር ብሎ መቸኮል ጉዳት አለው። ሐኪምሽ "እንጠብቅ" ማለቱ ተስፋ መቁረጥ እንዳይመስልሽ። እኔ እንዲያውም ያመንኩት በዚህ ነው።

ሌላው ያስፈራሽ "የቀረው 19 በመቶ በሽታው ነው ወይ?" የሚለው ነው። የግድ አይደለም። እነዚያ ያንቺ ጤነኛ ቲ ሴሎች ሊሆኑ ይችላሉ። የበሽታውን ርዝራዥ የሚፈልገው ምርመራ ሌላ ነው፣ ለብቻው ይሠራል። 100 በመቶ ቢሆንም ያ ምርመራ አይቀርም። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሴል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከማይሎይድ ሴላቸው 20 በመቶ አካባቢ የለጋሽ ሆኖ እንኳ ከሕመማቸው ያርፋሉ። ያንቺ የደም ካንሰር ስለሆነ ሐኪሞቹ ወደ ሙሉው እንዲጠጋ ይፈልጋሉ። ግን መደባለቅ ራሱ ውድቀት አይደለም።

"ልፋትህን አበላሸሁብህ" ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳልሰማው። ሳትበዪ ስለዋልሽ ወይም ስላልተኛሽ የወረደ ቁጥር አይደለም። ካንቺ የሚፈለገው ኪኒኑን በሰዓቱ መውሰድና ቀጠሮ አለመቅረት ብቻ ነው። የመከላከል አቅምሽን የሚገታውን መድኃኒት መጠን በደም በሚለኩበት ቀን ጠዋት እሱን ሳትውጪ፣ ይዘሽው ሂጂ። ደም ከሰጠሽ በኋላ ትውጪዋለሽ። ነርሷ የነገረችሽም ይሄንኑ ነው።

ሐሙስ ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ያለፈውን ውጤት ካሁኑ ጎን አድርጎ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የቲ ሴሉ ምርመራ መቼ እንደሚደገምም ጠይቂ። ከዚያ ደውዪልኝ፣ ስልኬ ክፍት ነው። የልጅሽ ሊምፎሳይት ያስፈልጋል ካሉሽ ደግሞ "እሱን አላስቸግርም" እንዳትዪ። በዚያው ቀን ተነስቼ እመጣለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ