እኛ አልመከርንም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በኮሮና ጊዜ ስለነበሩ በጎ ፈቃደኞች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈልቶ። በ2012 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ 14 ቀን ሲቆዩ «ወጣት በጎ ፈቃደኞች ምክር ለገሷቸው፤ ተጽናንተውም ወደየቤታቸው ተሸኙ» ይላል።

«ወጣት» የሚለው ይሁን። ያኔ 54 ዓመቴ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ቋ ቋ ይል ነበር። «ምክር» የሚለውን ግን አልውጠውም።

አልመከርንም። የሠለጠንነውም እንዳንመክር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ላይ ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። የግድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የማይሆን ተስፋ መስጠትና «ካልተናገርሽ» ብሎ መወትወት ግን አይቻልም። ለእኛ ሰው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ሳይሉ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ዘጋቢያችሁ አንድ ቀን ይሞክረውና ያየዋል።

እኔ ሞክሬ ወድቄያለሁ። አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ሁለት ሜትር ርቄ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። የማስኳን ክር ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። «አይዞሽ፣ ዋናው በሰላም መግባትሽ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይታ «እማዬ መምጣቴን አታውቅም» አለች። ካርድ ሞልቼበት ስለነበር ስልኬን ሰጠኋት። በቃ፣ «ለገሱ» የተባለው ይኸው ነው።

«ተጽናንተው»ስ? ትኩሳታቸው በቴርሞሜትር ይለካ ነበር። መጽናናታቸውን ዘጋቢያችሁ በምን እንደለካው ቢነግረን መሣሪያውን እኛም እንገዛ ነበር። ሐኪም ማየት የነበረባቸው ነበሩ። «አማኑኤል ግባ» ማለት ስድብ በሆነበት ከተማ ይህንን ለቤተሰብ በስልክ ማስረዳት፣ እሱ ነበር ወገብ የሚቆርጠው ሥራ። ስለዚያ አንድ መስመር የለም። ስለ ሰርተፍኬት አሰጣጡ ግን ሦስት አንቀጽ አለ። (ሰርተፍኬቱ ላይ ስሜ በስህተት ነው የተጻፈው፤ እሱን ትቼዋለሁ።)

ለአንድ ቃል ይህን ያህል? የሚል አይጠፋም። ዘገባው በወጣ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ የ20 ዓመት ልጇን እየጎተተች መጣች። «መካሪ ነሽ አሉ፤ እባክሽ ይሄን ጫት እንዲተው ምከሪልኝ።» ልጁ አፍሮ ጫማውን ያያል። እኔም ግራ ገብቶኝ የእሱን ጫማ አያለሁ። ቡና አፈላሁ። ስለ ጫት አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ቅዳሜ ብቻውን መጣ።

እርማት የምታወጡ ከሆነ «ምክር ለገሷቸው» የሚለውን «አዳመጧቸው» በሉት። «ወጣት» የሚለውን ተዉት።

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ፣ አዲስ አበባ