ለንባብ ክበባችን አባላት፦ ስለ «ውቢቱና አውሬው»

የተከበራችሁ አባላት፣

ለሚቀጥለው ስብሰባ የመረጥነው ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ መነሻው የ«ውቢቱና አውሬው» ተረት ስለሆነ፣ አስቀድማችሁ ተረቱን እንድታነቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጋብሪኤል-ሱዛን ደ ቪልነቭ እ.ኤ.አ. በ1740 በፈረንሳይኛ አስፍታ የጻፈችውን፣ ዣን-ማሪ ለፕረንስ ደ ቦሞን በ1756 ለልጃገረዶች ማስተማሪያ እንዲሆን አሳጥራ አሳትማዋለች፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቀውም ይኸው አጭሩ ነው። እኔን ዘወትር ልቤን የሚነካኝ፣ አባቷ ከአውሬው አትክልት ቦታ አንዲት ጽጌረዳ በመቅጠፉ የእሱን ዕዳ ልትከፍል የመጣችውን ልጅ አውሬው በየምሽቱ በእራት ሰዓት «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጠይቆ፣ እምቢታዋን በትካዜ ተቀብሎ መሄዱ ነው። ጋብቻ በቤተሰብ ውል በሚወሰንበት በዚያ ዘመን፣ የሴት ልጅ ፈቃድ እንዲህ ደጋግሞ መጠየቁ ቀላል ነገር አልነበረም። ልቦለዱ ይህን ጥያቄ የት እንዳስቀመጠው አስተውላችሁ፣ ገጹ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ኑልን።