አባዬ፣ ስለ «አጥቢያ» ዜማህ አንድ ነገር ልጠይቅህ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ትንፋሹ እንዴት አደረገህ? እህቴን ስጠይቃት «ደህና ነው፣ እየበላ ነው» ትለኛለች። እሷ ሆስፒታል የተኛንም ሰው ደህና ነው ነው የምትለው፣ ስለዚህ አላመንኳትም። በስልክ እንዳልጠይቅህ ደግሞ ሁለት ቃል ስትናገር ሳሉ ይጀምርሃል፤ እኔም እንዳይደክምህ ብዬ ስለ ብርዱ አውርቼ እዘጋለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ፊደሉ ካነሰብህ የልጅ ልጅህ ያሳድግልህ። ያንብብልህ ግን አላልኩም፣ ራስህ አንብበው።

የሙዚቃ ሸክላህ ደረሰኝ። ፎቶህን አይቼ ሳቅኩ፤ ያ አፍሮ፣ ያ ቤልቦተም! ከሸክላው ጋር አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አለበት፣ በእንግሊዝኛ፣ የእያንዳንዱ ዜማ ታሪክ። ያ ሪከርደር ይዞ የመጣው ፈረንጅ ሦስት ቀን ሳሎን ተቀምጦ አስወራህ አሉ። ሦስት ቀን! እኔ አርባ ዓመት ስጠይቅህ መልስህ «ዜማ ነው፣ ዝም ብለሽ ስሚ» ነበር። ግጥም የሌለው ነገር ምን ታሪክ አለው ትለኛለህ። ከድራመራችሁ ጋር ስትጫወቱ ግን «ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል፣ ሳክስፎንን ማን ይከሰዋል» ብለህ ስትስቅ ሰምቼሃለሁ። ልጅ ነበርኩ እንጂ ደንቆሮ አልነበርኩም።

ስለ «ሰባራ ባቡር» የጻፈውን እንዳነበብክ አላውቅም። ቤዙ ሲያነክስ የድሬዳዋ ባቡር ሐዲድ የሳተ መስሎታል! አንድ ሙሉ አንቀጽ ስለ ምድር ባቡር ጽፏል። ያ እኮ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በምኒልክ ጊዜ ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሄደው የመንገድ መዳመጫ ነው። ተሰብሮ ቆሞ ቀረ፣ ሰፈራችንም ስሙን ወሰደ። ቤዙ ሦስቴ ገፍቶ አራተኛው ላይ ዘጭ የሚለው ለዚህ መሆኑን ለማወቅ እዚያ ሰፈር ማደግ ይበቃል። አያቴ ብትሰማ «ይህን ልጅ ቡና አጠጡትና ንገሩት» ትል ነበር።

ስለ ጌታቸው መኩሪያ ያወራኸውን ግን ወድጄዋለሁ። ሽለላውንና ፉከራውን በቴነር ሳክስፎን ሲነፋው ሰምተህ ቤት ገብተህ መሣሪያህን ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ሦስት ሳምንት እንዳልነካኸው። ይሄንንም አልነገርከኝም።

ወደ «አጥቢያ» ልምጣ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጊዮርጊስ አጥቢያ ማለትህ ነበር የሚመስለኝ። መግቢያው ላይ ኦርጋኑ እንደ ቅዳሴ ስለሚጎተት። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ብዬ አስረድቻለሁ፣ ለባሌ ሳይቀር። ለካ የሌሊቱ አጥቢያ ነው። 1970 ዓ.ም ይላል፣ ወሩ ደግሞ የእኔ ወር ነው። ሰዓት እላፊ ከገባ ወዲያ መውጣት ስለማይቻል የሆቴሉ በር ይዘጋል፣ ጨፋሪውም አስተናጋጁም እናንተም እዚያው ታነጋላችሁ። አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ሴት ልጅ ተወለደች። አንተም በአንቺሆዬ ቅኝት ገባህ፣ ልጆቹ ፈንኩን ይዘው ተከተሉህ፣ ወፍ እስኪንጫጫ ድረስ አላቆምክም። ዜማው የዚያን ሌሊት ተወለደ ይላል።

ሥራ ቦታ በእረፍቴ አነበብኩትና ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ከዚያ እማዬ ትዝ አለችኝ።

እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድ ቀን ቡና እያፈላች ስለዚያ ሌሊት ነግራኛለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ድራመራችሁ የይለፍ ወረቀት ነበረው አለች። መኪናም ነበረው። «መምጣት ይችል ነበር» አለችና ፍሙን በማንኪያ ጫፍ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረገች። ከዚያ ዕጣኑን ጣል አድርጋ «ስኳር አምጪ» አለችኝ። አለቀ። ሁለተኛ አላነሳችውም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

እና አሁን አሥራ ሁለቱን ገጽ እያገላበጥኩ፣ ባቡሩን የተሳሳተ ሰው ይሄንንም ተሳስቶ ይሆናል እላለሁ። ወይ ደግሞ አንተ አሳምረህለታል። እውነቴን ነው፣ ልከስህ አይደለም። ዘመኑን አውቃለሁ፤ በዚያ ዓመት ይለፍ የያዘውም ቢሆን ወጥቶ ለመመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በለኝ። ሙዚቃው ጥሞህ ከሆነም እሱን በለኝ፣ አልሞትም። እኔን የሚያንገበግበኝ የራሴን ልደት በእንግሊዝኛ ማንበቤ ነው።

ደግሞ አሁን ስቆጣ እንዳያስልህ። ቆይ ሌላ ነገር ላውራ።

ትልቋ ትምህርት ቤት ባንድ ገብታለች። ቴነር ሳክስፎን! ማንም አላላትም፣ ራሷ መረጠች። የአፉን ሸምበቆ፣ ሪዱን፣ እንደ ማስቲካ ታኝከዋለች፣ በወር ሦስቴ ነው የምገዛው። «አጥቢያ»ን ከስልኬ ሰምታ መግቢያውን ለቀመችው። አስተማሪዋ አንድ ኖታ ተሳስተሻል ብሎ ሊያርማት ቢሞክር «አይ፣ አያቴ እንደዚህ ነው ያደረገው» አለችው። አንቺሆዬን ሊያርም! ትንሹ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ «ሰላም አባባ» ሲል «ሰ»ው ያፏጫል። ቪዲዮ እልካለሁ።

የልጅቷ ኮንሰርት ባለፈው ወር ነበር። አልሄድኩም። ሌሊት ፈረቃ ነበረኝ፣ «አልፈቀዱልኝም» አልኳት። እውነቱን ልንገርህ? ፈቃድ አልጠየቅኩም። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ያስፈልገን ነበር። ይሄን ለባሌም አልነገርኩትም።

ኃይሉ መርጊያን ታውቀው የለ፣ የዋሊያሶቹን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደዚህ አሜሪካ መጥቶ እሱ ቀረ፣ ከዚያ ስንት ዓመት ታክሲ ነዳ። በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1977 በአኮርዲዮን የሠራውን ካሴት አንድ ፈረንጅ ባሕር ዳር አግኝቶት ከ28 ዓመት በኋላ እንደገና ወጣ፣ ሰውዬውም ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። በዚያ አየር ማረፊያ ባለፍኩ ቁጥር አንተ ትዝ ትለኛለህ። አንተ ሳክስፎኑን ቁምሳጥን አናት ላይ አውጥተህ የእማዬን ነጠላ አለበስከው። ያኔ ሳንባህ ደህና ነበር፣ ሐኪምም አልከለከለህም። እሱንም ጠይቄህ «ደከመኝ» ነው ያልከኝ። ለፈረንጁ ግን ምክንያቱን ነግረኸው ይሆን? ጽሑፉ ላይ የለም። ቢኖር ምን እንደምሆን አላውቅም።

ድምፅህን ቀድተህ ላክልኝ። ረጅም አይሁን፣ እየተነፈስክ፣ እያረፍክ። መጀመሪያ ስለ ይለፉ። ሌላውን ከደረስንበት። ካልፈለግክ ዜማውን አፍህን ገጥመህ አንጎራጉርልኝና ላክልኝ፣ እሱንም እወስዳለሁ።

የኦክስጅን ማሽኑን ቆጣሪ ይበላል ብለህ ሌሊት እንደምታጠፋው ሰምቻለሁ። አታጥፋው! መብራቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ባትሪ እሁድ የሚመጣ ሰው ይዞልህ ይመጣል። ጥቁሩ ገመድ የእሱ ነው፣ ነጩ የስልክህ ነው፣ እንዳታምታታው። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ፓኬት ሪድም አለ። የልጅቷን ስገዛ ነው የገዛሁት፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ልጅህ